ብርቄን ለማስመርመር ከበቆጂ እስከ ነፋስ ስልክ

አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ የጎረቤት ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ፎቁና ስለ መብራቱ ነው። እኔ ፎቅ ላይ አልወጣሁም። ያየሁት ነፋስ ስልክ የሚባለውን ሰፈር፣ እዚያም አንድ ግቢና የአንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ነው። ሰምቼ የተመለስኩት ነገር ግን እስከ ዛሬ ሆዴን ያቃጥለኛል። እንደ እኛ በየገጠር ከተማው የምትኖሩ፣ አዲስ አበባ ለመሄድ መንገዱ የማይገጥማችሁ ሰዎች እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴ አስካለና የአስካለ ልጅ ብርቄ። እኔ በቆጂ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። አስካለ አረቄ ታወጣለች። ባሏ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ስለሆነ ወር ሙሉ ከቤት ርቆ ይከርማል፤ ቤቱ የሚቆመው በአረቄው ነው። ብርቄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስትታይ ግን የስድስት ትመስላለች። ያገኘችውን ሰው ሁሉ አቅፋ ትስማለች። አንዴ የሰማችውን ዜማ አትረሳም። ፊደል ግን አይያዝላትም። ጠዋት የለየችውን ከሰዓት በኋላ እንደ አዲስ ታየዋለች። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግማለች፤ በዚያ ላይ በየቀኑ ትገረፋለች።

የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ጠርቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይቺ ልጅ ወይ ሰነፍ ናት ወይ ዛር አለባት። ለሚመጣው መንፈቀ ዓመት ቦታ አልሰጣትም።» ዛር አለኝ! በየስብሰባው ስለ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ሲሰብክልን የሚውል ሰው ነው እንግዲህ።

«ታማ ቢሆንስ?» አልኩት።

«የሐኪም ማስረጃ አምጪና እናያለን» አለኝ።

አስካለ ደግሞ ሌላ ልጅ ፀንሳለች፤ ሆዷ ገፍቷል። በዚህ ሁኔታ መንገድ አትውጪ ብላት «ልጄን እናቷ ሳትኖር ማን ያስመረምራታል?» ብላ እንቢ አለች። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲጀመር ከቀበሌ ፈቃድ ተቀብለን ተነሣን።

በመጀመሪያው ቀን በቆጂን ለቀን እስከ አሰላ ድረስ የምናውቀውን ብርድና የገብስ ማሳ ይዘን ወረድን። ከአሰላ የያዝነው አውቶቡስ ግን ኢተያ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ተልጦ ተገኘ። ሾፌሩ አሮጌውን ጎማ እያንከባለለ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ፤ እኛም መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ቀረን።

አንዲት የማናውቃቸው ሴት ከአጥራቸው ወጥተው «እርጉዝ ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ምን ታያላችሁ?» ብለው ሰውን ሁሉ ተቆጡና እኛን ወደ ቤታቸው አስገቡን። ለብርቄ እርጎ ሰጧት። ለእኔ ቂጣ በአይብ አቀረቡልኝ። ለአስካለ ደግሞ በትልቅ ጣሳ ጠላ ቀዱላት።

«ሁለት ነፍስ ነሽ። ጠጪ፣ ደምሽን ይመልስልሻል» አሏት።

አስካለ ጠጣች። ሲደግሙላትም ጠጣች፤ እንግዳ ተቀባይን ማሳዘን ነውር ነውና። በእኛም አገር እንዲሁ ነው። እንዲያውም የእኛ ይብሳል፤ ብርዱ ስለሚከፋ ለነፍሰ ጡር በጠላው ላይ አረቄ ይታከልላታል። ሴትዮዋ ስንወጣ ለመንገድ ቆሎ ቋጥረው ሰጡን፤ ብርቄም አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅም አለች። እንዲህ ያለ ደግነት ነው። ደግነቱን ሳስብ አሁን የሚያንገበግበኝ ነገር ያኔ በፍጹም አልታየኝም።

ሾፌሩ ጎማውን አስጠግኖ ተመልሶ፣ ናዝሬት የደረስነው መሽቶብን ነው። የናዝሬት ሙቀት ለበቆጂ ሰው ቅጣት ነው፤ ጋቢያችንን የት እንደምናስቀምጠው ጨነቀን። አልቤርጎ ስንጠይቅ ብርቄ ከአጠገባችን ጠፋች። አስካለ ጮኸች። ፈልገን ፈልገን አንድ ዶሮ የያዘ ሰው እጅ ይዛ እየዘፈነች ስትሄድ አገኘናት። ሰውዬው ራሱ ግራ ገብቶት «የማን ናት? አባባ እያለች ተከተለችኝ» ይላል። ደግ ሰው ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ቢሆን ኖሮስ? እንዲህ ነች። ስንቴ «ከማታውቂው ሰው ጋር አትሂጂ» ብትባል ትሰማለች፣ እሺ ትላለች፣ በነጋታው ትሄዳለች።

በሁለተኛው ቀን ደብረ ዘይትን አልፈን አቃቂ ኬላ ስንደርስ ወርደን ተፈተሽን። አስካለ ለምናርፍባቸው ሴት ሁለት ጠርሙስ የበቆጂ አረቄ ይዛ ነበር። ፈታሹ አንዱን ከፍቶ አሸተተ፤ ቀመሰው፤ እንደገና ቀመሰው። «ይሄ ይጣራል» ብሎ ከወንበሩ ሥር አኖረው። ምን እንደሚጣራ እግዜር ይወቀው። አፌን ልከፍት ስል አስካለ ቀሚሴን ሳበችኝ።

ከዚያ ቃሊቲን፣ ሳሪስን አልፈን ነፋስ ስልክ ወረድን። ድሮ ሽቦ የሌለው ስልክ የተተከለበት ቦታ ስለሆነ ነው ስሙ ይሉናል። እኔ ስልኩን አላየሁም፤ ነፋሱ ግን አለ። የእኛ ነፋስ የገብስና የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ የእነሱ የፋብሪካ ጭስ ነው። ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ያለው ሰፈር ደግሞ የእኛኑ ይመስላል፤ ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ አጥር፣ ቦኖ ውሃ ፊት የተደረደረ እንስራና ጀሪካን። ከዚያ ወደ ላፍቶ ሲታይ ገጠር ነው፤ እርሻ፣ ከብት። «አዲስ አበባ ይሄ ነው?» አለች አስካለ፤ ሳቅን።

ያረፍነው የአስካለ ባል አክስት እትዬ ዘነበች ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ግቢያቸው ውስጥ ጠላ እየሸጡ ሰባት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። አሁን አብሯቸው የሚኖረው ደርቤ የሚባለው ልጃቸው ብቻ ነው። ሙሉ ሰው ነው፤ ጢም አለው። በር ሲከፍትልን ብርቄን ሲያይ ደስ ብሎት እስኪያጨበጭብ ድረስ ሳቀ። ሁለቱ ወዲያው ተዋደዱ።

እትዬ ዘነበች ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ያገኟትን ስኳር ለብርቄ ሻይ አንድ ማንኪያ፣ ሌላ ማንኪያ ሲጨምሩ ዓይኔ እያየ ነው። የራሳቸውን አልጋ ለአስካለ ለቀው መደብ ላይ ተኙ። እራት ስንበላ ከአስካለ ጠርሙስ ለራሷ ለአስካለ ቀዱላት። «መንገዱ አድክሞሻል። ለፅንሱም ብርታት ነው» አሏት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። በሰፈሩ ለሕፃናት ጎበዝ የተባለ፣ ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ በቅርቡ የመጣ ሐኪም እንዳለ እትዬ ዘነበች ሰምተው ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ልጅ በታቀፉ እናቶች ሞልቷል። የእኛ ተራ ሲደርስ በሩ እንደተከፈተ ገባን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ብርቄ እንደ ልማዷ ሄዳ አቀፈችው። ሳቀና ቁጭ አደረጋት። እንግዲህ ዲሬክተሩ ዛር ያለውን ነገር ይህ ሰው እንዴት እንዳየው ልንገራችሁ። መጀመሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር የጭንቅላቷን ዙሪያ ለካ። ቁመቷን ለካ፣ መዘናት። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትንሽ ማስመሪያ አመጣና የዓይኗን ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ከአፍንጫ እስከ ላይኛው ከንፈር ድረስ በሁላችንም ፊት ላይ ትንሽ ቦይ መሰል መስመር አለች፤ እሷን በጣቱ ዳሰሰ። የብርቄ ለጥ ያለ ነው። የላይኛው ከንፈሯም ስስ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስንስመው የኖርነው ፊት ነው፤ አንድም ቀን አላየነውም። ቁጥር አስቆጠራት። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ አዘዛት፤ አንዱን ብቻ አደረገች። ከዚያ ወደ አስካለ ዞረ።

«እሷን ፀንሰሽ ትጠጪ ነበር?»

አስካለ አልዋሸችም። «አረቄ አወጣለሁ። ሲወጣ እቀምሳለሁ፤ ካልቀመስኩ እንዴት አውቀዋለሁ? ለብርዱም ሰው ሲሰጠኝ እጠጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ልጅሽን ያበላሸሻት አንቺው ነሽ» አለ። «አንጎሏን በመጠጥ ጎድተሽዋል።»

በሩ ክፍት ነው። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አስካለን አዩዋት። እህቴ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። እኔ ደሜ ፈላ።

«ዶክተር፣ ይህን ነገር መቼ ነው ያወቃችሁት?» አልኩት።

«ምኑን?»

«የመጠጡን። ፅንስ ይጎዳል የሚባለውን።»

«ውጭ አገር ከተጻፈ ዓመታት አልፎታል።»

«ለማን ተጻፈ? እኛ ዘንድ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስለ ሽንት ቤት ተለጥፏል፣ ስለ ክትባት ተለጥፏል፣ ስለ አብዮቱማ ቦታ አልቀረም። ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል የለም። ጠጪ ያላት ባሏ ነው፣ አማቷ ናት፣ ያዋለደቻት ሴት ናት፣ ትናንት ያረፍንበት ቤት ነው። እርስዎ ጀርመን ቁጭ ብለው ነው ያወቁት። እሷ ያልነገሯትን ከየት ታምጣ? አሁን ደግሞ በር ከፍተው ሰው ፊት ያዋርዷታል!»

የምናገርበት አገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አብዮቱን ከሽንት ቤት ጋር አንድ ላይ መጥራቴ በኋላ ነው የታወቀኝ። ያኔ ግን ማን ያስብ። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። ሄዶ በሩን ዘጋ።

«ነገ ከሰልፉ በፊት ኑ» አለ።

በዚያ ምሽት እትዬ ዘነበች እንደ ወትሮው ጠላ ቀዱ። አስካለ ብርጭቆውን በእጇ ገፋ አድርጋ «ይቅርብኝ እትዬ» አለች።

«ምነው? ጠላዬ ምን ሆነ?»

ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው። ተቆጡ። ከመጣን ወዲህ እንዲህ ሲቆጡ አላየኋቸውም ነበር።

«እኔን ነው ይሄ ልጅ የሚያስተምረኝ? እኔ ሰባት ወልጃለሁ! ከዚችው ጠላ ላይ ተነሥቼ ነው ሰባቱንም የወለድኩት። ትልቁ ወታደር ነው፤ መቶ አለቃ ሆኗል። ሁለቱ ሴቶች ነርስና ጸሐፊ ናቸው። ተስፋዬ መካኒክ ነው። እነዚያ መንትዮቹ ኮሌጅ ገብተው ይማራሉ። ደርቤ...»

ዞረው ወደ በሩ አዩ።

ደርቤ በሩ ሥር ተቀምጦ ከብርቄ ጋር ያንኑ አንድ ዘፈን እየደጋገመ ይዘፍናል። ታሪኩን ቀን ላይ ነግረውኝ ነበር። ትምህርት አልሆንልህ አለው። ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ግራ ቀኝ የሚለው ትእዛዝ ስላልገባው ሰነፍ ነው፣ አሻፈረኝ ባይ ነው ተብሎ ተደብድቦ፣ እጁ ተሰብሮ ተመለሰ። እሱን የፀነሱት ባላቸው በሞቱበት ዓመት ነው፤ ሐዘኑን በመጠጥ እንዳሳለፉት ራሳቸው አጫውተውኛል። እንግዲህ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እትዬ ዘነበች የአስካለን ብርጭቆ አንሥተው ወደ ጋኑ መለሱት፣ ከዚያ ጓዳ ገብተው ቆዩ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ሐኪሙ በር ላይ ጠበቀን። አስካለን አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጦ እሱ ትንሽ በርጩማ ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ትናንት እርስዎን የተናገርኩበት መንገድ ነውር ነው» አላት። አንቺ ያላትን ሴት እርስዎ ሲላት ሰማሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ ፊቱ ላይ ምልክት አይታይበትም። ለማወቅ እናቱን መጠየቅ አለብን። እናት ከተዋረደች ደግሞ እውነቱን አትነግረንም። እርስዎ እውነቱን ነግረውኝ ነበር።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። እናት የጠጣችው በእትብቱ በኩል ወደ ፅንሱ ይገባል። እሷን ሞቅታው ይለቃታል፤ ፅንሱ ግን ጉበቱ ገና ለጋ ስለሆነ መጠጡ ቶሎ አይወጣለትም። አንጎል ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሥቶ እስከ መውለጃው ቀን ሲሠራ ነው የሚከርመው። ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም፣ ቢራም ለፅንሱ ልዩነት የለውም።

«ልጄ ትድናለች?» አለች አስካለ።

«የተጎዳው አይመለስም። ልዋሽዎት አልችልም። መማር ግን ትችላለች።» ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ያስተምሯት። ዜማ ከያዘች በዜማ። ዛሬ የያዘችውን ነገ ብትረሳ እንደገና፣ ያለ ቁጣ። ጫጫታ ካለበት ያርቋት። ዱላ ግን በፍጹም። የተመታችበትን ምክንያት ከዱላው ጋር ማገናኘት አይሆንላትም፤ መፍራትን ብቻ ነው የምትማረው።»

ያን ሁሉ ዓመት የተገረፈችውን አሰብኩ። የሚገርፏትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ሁሉም የማውቃቸው፣ ሁሉም አረቄውን ከአስካለ ቤት የሚጠጡ ናቸው። እናቷን ያጠጧት እነሱ፣ ልጅቷን ደንቆሮ የሚሏት እነሱ!

አስካለ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰባት። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ይሄኛውስ? እስከ ትናንት ወዲያ ጠጥቼበታለሁ።»

«የሆነውን አላውቅም» አለ ሐኪሙ። «ከዛሬ ጀምረው ካቆሙ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይጠቅመዋል። ይሄን አውቃለሁ።»

ማስረጃውን ጽፎ ሰጠን።

በአምስተኛው ቀን ወደ አገራችን ተነሣን። እትዬ ዘነበች ዳቦ ጠቅልለው፣ ለብርቄ የልጅ ልጆቻቸውን ሹራብ አልብሰው እስከ አውቶቡሱ ሸኙን። ደርቤ ሻንጣችንን ተሸክሞ ከብርቄ ጋር ከፊት ከፊት ይሄዳል። እትዬ ዘነበች እጄን ያዝ አድርገው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

«ሐኪሙ ትልቅ ሰው ያያል?»

«የሕፃናት ሐኪም ነው እትዬ። ግን ይውሰዱት። ቢያንስ ሰነፍ እንዳልሆነ የሚመሰክርለት ሰው ያገኛል።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። ወደ ደርቤ እያዩ «እወስደዋለሁ» አሉ።

ስንሄድ እንደሆነው ሁሉ በመመለሻውም መንገድ ተጋበዝን። ናዝሬት ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጠጅ አመጣች፤ አስካለ አይሆንም ብትላት ተቀየመች። «መርዝ መሰለሽ?» አለቻት። አስካለ «ለኔ አይደለም፣ ለሱ ነው» ብላ ሆዷን አሳየቻት። ሴትዮዋ ሳቀችባት። እኔ ልናገር ስል አስካለ ቀድማ ውሃ ለመነች፣ ጠጣችና ተኛች። የሁለታችንም ቁጣ እኔ ጋ ብቻ የቀረ ይመስላል።

በቆጂ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን፤ ነፋስ ስልክ ላይ የናፈቀኝ እሱ ነበር። ዲሬክተሩ ማስረጃውን አንብቦ «መጠጥ ነው እንግዲህ» ብሎ በአስካለ ሊስቅ ጀመረ። እኔም በየቅዳሜው የት እንደሚጠጣ ለመምህራኑ ስብሰባ እንድናገርለት ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት። ብርቄ ተመዘገበች፤ እኔ ክፍል ናት። ፊደሉን በዜማ ጀምረናል። እስካሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቤቶች ይዛለች፤ አንዳንድ ቀን ይጠፉባታል፣ አንዳንድ ቀን ይመለሳሉ።

ከዚያ የከተማችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ ዘንድ ሄድን። በክትባት ቀን ለሚመጡት እርጉዞች ይህንን ነገር እንዲነግሩልን ለመንን። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ አዳመጠን። በመጨረሻ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ከላይ መመሪያ አልመጣልንም» አለ።

«መመሪያው እስኪመጣ ስንት ልጅ ይወለዳል?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

«ጓዲት፣ እኔ ምን ላድርግ? ያለ መመሪያ ብናገር የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

አስካለ ተነሣች። «ዶክተሩ የነገረኝን ለጎረቤቶቼ ብናገርስ? ይከለከላል?»

ኃላፊው አሰበ። «ጎረቤት ለጎረቤት... እሱ አይከለከልም።»

በክትባቱ ቀን አስካለ ጠዋት ሄዳ ከእርጉዞቹ መሐል አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር። ስብሰባ ላይ ስሟን እንኳ ጮክ ብላ የማትናገር እህቴ፣ ብርቄን ፀንሳ የጠጣችውን፣ ማን እንደሰጣት፣ ምን ብለው እንደሰጧት፣ ሐኪሙም ምን እንዳላት አንድ በአንድ ተናገረች። አንዳንዶቹ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። አንዷ «አረቄዋን ስትሸጥልን ኖራ!» አለች፤ እውነቷን ነው፣ አስካለም «አዎ» አለቻት። ለእርጉዞቹ መሸጥ ትታለች፤ ሌላውን እንዴት እንደምትተወው ገና አታውቅም።

ከጥግ የተቀመጠች፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ የሆነ ልጅ እግር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆይታ ተጠጋቻት።

«እኔ ትናንት ማታ ጠጥቻለሁ» አለቻት በሹክሹክታ። «ጊዜው አለፈኝ?»

አስካለ እጇን ያዘቻት።

«አላለፈሽም» አለቻት። «ዛሬ ማታ ሲሰጡሽ እኔን ጥሪኝ፤ መጥቼ አብሬሽ እንቢ እላለሁ።»